ከአርዲያ ሆኜ የተቆጣጠርኩት አጎበር

ዓርብ ዓርብ ጅሊብ ሰፈር የአገሬ ልጆች ወደተከራዩት ክፍል ስሄድ ልጆቹ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «እማማ፣ የግድግዳውን ንገሪን» ይሉኛል። ኩዌት እንዴት መጣሽ የሚለኝ የለም። ይህን ያህል ዘመን የሰው ቤት እንዴት ቻልሽው የሚለኝም የለም። የግድግዳውን ብቻ። ነግሬያቸው ነግሬያቸው ምላሴ ሲያልቅ ለይላ «እንግዲያው ጻፊውና እኛ እናንብበው» አለችኝ። ለይላ የወሎ ልጅ ናት፤ ከሁሉም እሷ ትብስብኛለች። ስልኬን እየተቀበለች ፊደሌን የምታቃናልኝም እሷ ናት። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የተጣመመ ፊደል ካያችሁ የሷ ነው፤ የተጣመመ ነገር ካያችሁ የኔ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከጤና ኬላችን ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል ነበር፤ እናትና ልጅ አጎበር ውስጥ ተኝተው፣ ትንኟ ከውጭ ሆና በንዴት የምታያቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ አስካለ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እያሳየች ታነብልን ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጽሑፉን ሳየው ሳየው አንድ ቀን ራሱ አነጋገረኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «አጎበር» ነው። ሁለተኛው «ያቆረ» ነው፣ ያቆረ ውሃ ድፉ ለማለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቃል አንብቤያለሁ፤ የነዚህን ያህል ግን የጠቀመኝም የጎዳኝም የለም።

አገራችን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወርዱ ቆላው ውስጥ ነው። ማሽላ ጥሩ ይሰጣል። ትንኝም ጥሩ ይሰጣል። ክረምቱ ወጣ ሲል ሰዉ ተራ በተራ ይንቀጠቀጣል፤ «እንደምን ከረማችሁ» ሲባል መልሱ «እኔስ ድኛለሁ፣ አባወራውን ጀምሮታል» ነው።

አስካለ ይህን አይታ ለአምስት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ይኑር አለች። የኛን አምስት ቤት ለኔ ሰጠችኝ። የተመረጥኩት ስለማውቅ አይደለም፤ ስለምዞር ነው። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይረጋም። ጨው ልበደር ወጥቼ አራት ቤት ገብቼ፣ የአራቱንም ወሬ ይዤ፣ ጨውን ረስቼ የምመለስ ሰው ነኝ። አስካለ «ይህ እግር ከዞረ አይቀር ለጤና ይዙር» አለች።

ሥራው ማለዳ ማለዳ ነው። አጎበሩ ተሰቅሏል ወይ? ተቀዷል ወይ? ጫፉ ከፍራሹ ሥር ገብቷል ወይ? ደጅ ያቆረ ውሃ አለ ወይ? መጻፍ ስለማልችል በየበሩ መቃን ላይ በከሰል ምልክት አደርግ ነበር። የቆመ መስመር ማለት ተሰቅሏል፤ የተጋደመ መስመር ማለት ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ክብ ማለት ደግሞ ጫጩት ቤት ላይ ተገኝቷል ማለት ነው። የአንዷ ጎረቤቴ መቃን ክብ በክብ ከመሆኑ የተነሳ አላፊ አግዳሚው ጌጥ ይመስለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጫጩቶቿን አንድም ቀን ወባ ይዟቸው አያውቅም።

በዓመት አንዴ ደግሞ ርጭት አለ። ዕቃችንን ሁሉ፣ ከአልጋ እስከ ማንኪያ፣ ደጅ አውጥተን እንቆማለን፤ ረጪዎቹ ገብተው ግድግዳውን መድኃኒት ያለብሱታል። ትንኝ ደም ጠጥታ ስትጠግብ ማረፍ ትወዳለች፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነገሯ ያልቃል። መድኃኒቱ ሲደርቅ ግን ነጭ ነጭ መስመር እየሠራ ይወርዳል፣ አልቅሶ ያልታጠበ ፊት ይመስላል። የኛ አገር ሴት ደግሞ ያልተለቀለቀ ግድግዳ ስታይ እጇን ይበላታል። ስለዚህ አንድ ብርቱ ሕግ ነበር፦ ከርጭት በኋላ ስድስት ወር ግድግዳ በእበትና በአፈር አይለቀለቅም። ከለቀለቅሽው መድኃኒቱን ገንዘሽ ቀበርሽው ማለት ነው። ይህን ሕግ ለአምስት ቤት ሴቶች ስናገር ኖሬያለሁ። ለሰርግ፣ ለመውሊድ ቤታቸውን መለቅለቅ ስከለክላቸው በዓይናቸው ይረግሙኝ ነበር። እዚች ላይ ምልክት አድርጉልኝ፤ እርግማኑ የሚደርሰው በኋላ ነው።

ኩዌት ስመጣ ደላላው ዕድሜዬን ቀነሰው። በፓስፖርቴ መሠረት ልጄን ዘይነባን የወለድኳት በስድስት ዓመቴ ነው። ማዳም ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ወረቀቱን አየችና በአስተርጓሚ «አገራችሁ ፀሐይ ኃይለኛ ነው?» አለች። ነው አልኩ። በዚሁ አለፈ።

የማዳም ቤት አርዲያ ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ። በሦስተኛው ቀን እግሬ ጀመረው። ከኤሲው ሥር የሚንጠባጠብበት ባልዲ አየሁ፤ ያቆረ ውሃ ነው፣ ደፋሁት። በአበባዎቹ ሥር ውሃ የያዙ ሳህኖች አየሁ፤ ደፋኋቸው። ማዳም ለወፎች ውሃ የምታስቀምጥበት ጎድጓዳ ሳህን ነበር፤ እሱንም ደፋሁት። ግቢው መሐል ትንሽ ፏፏቴ ነበረች፣ ውሃዋ የሚሽከረከር። እሷን መድፋት ስላልቻልኩ አሸዋ ሞላኋት። አሸዋ እንደሆነ ኩዌት አይጠፋም። በሳምንቱ አበባው ጠወለገ፣ ወፎቹ ወደ ጎረቤት ተዛወሩ።

«ሌሽ?» አለች ማዳም። ለምን ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ ዐረብኛዬ ከሶላት አያልፍም። ወባን በምን ላስረዳት? ተንቀጠቀጥኩላት። ጥርሴን አንገጫገጭኩላት። ብርድ ልብስ ስቤ ተጠቀለልኩና ዓይኔን ገለበጥኩላት። ማዳም አዘነችልኝ፤ ሄዳ ኤሲውን አጠፋችው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ተቀምጦ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ሁለት ሰዓት እኔን ሲያይ ዋለ። እኔም ላብ በላብ ሆኜ ብርድ ልብሱን ለመጣል አፈርኩ።

ዓመታት አለፉ፤ ዐረብኛው ገባኝ፣ ፏፏቴዋም ተጠረገች። አገር ቤት ዘይነባ ሰይድን አገባች። ጸጥ ያለ ገበሬ ነው። መጀመሪያ ያረገዘችውን በአራተኛ ወሯ ንዳድ ያዛትና አጣችው። ይህ ቀልድ የለበትም፣ ስለዚህ አጭር አድርጌ ነው የማልፈው። እኔ ያን ቀን ሩዝ እያበሰልኩ ነበር፤ ሩዙን ጨርሼ አቅርቤ ነው ያለቀስኩት።

ሁለተኛ ስታረግዝ ኮንትራቴ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ዘይነባ የምትኖረው በኔው ቤት፣ በኔው መደብ ላይ ነው። ይህችን ነፍስ ትንኝ እንዳትወስድብኝ እያልኩ ሌሊቱን ኩሽናና ግቢ ስመላለስ አድር ጀመር። በመጨረሻ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ «አንቺ ሴት፣ ተቆጣጣሪ አይደለሽም ወይ? እግርሽ ባይደርስ ዓይንሽ ይድረስ።»

የኩዌትና የአገራችን ሰዓት አንድ ነው። አላህ ለቁጥጥር እንዲመች አድርጎ ነው የሠራው። ፈጅር ሰግጄ፣ ማዳም ሳትነሳ፣ ገና ሳይነጋጋ በቪዲዮ እደውላለሁ።

«እማ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደኅና። አጎበሩን አሳዪኝ።»

«ይኸው።»

«ማዕዘኑን። አራቱንም። ቀስ እያልሽ። ያኛው ጫፍ ከፍራሹ ሥር አልገባም።»

«ገብቷል እማ፣ ጥላው ነው።»

«ጥላ አላልኩም፣ ጫፍ ነው ያልኩት። ጎትቺው እስቲ።»

ትጎትተዋለች። በመሐል በመሐል ስልኩ «ጧ!» ይላል። ቆላ ነው፣ ኔትወርኩ ያው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ እንደተባለው እኔም አጎበር ነበረኝ በስልክ፤ ልዩነቱ የኔን በየቀኑ ማየቴ ነው።

ችግሩ ሰይድ ነው። በኛ አገር አማት ይከበራል። አማች በአማቱ ፊት ተደላድሎ አይቀመጥም፣ እያየችው አይጎርስም፣ ስሟንም አይጠራም። እኔ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ተኝቶ አገኘዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን እግሩ ከአጎበሩ ወጥቶ አየሁና ተቆጣጣሪነቴ አማትነቴን ቀደመው።

«ሰይድ ልጄ፣ እግርህን አስገባ።»

ሰውየው በሕይወቱ እንዲያ ዘሎ አያውቅም። በማግስቱ በጋቢ ከራስ እስከ እግር ተጠቅልሎ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ ነው የተኛው። በአራተኛው ቀን መደቡ ላይ የለም።

«ሰይድስ?»

«እናቱ ቤት ማደር ጀመረ» አለች ዘይነባ። «እማትዬ ከመጡብኝ በፊት ልነሳ ስል እንቅልፍ አጣሁ ነው የሚለው።»

«እናቱ ቤት አጎበር አለ?»

«እማ!»

ጠየቅኩ እንጂ ምን አጠፋሁ።

በዚያችው በመጀመሪያዋ ማለዳ፣ ሰይድ ገና ሳይሸሽ ማለት ነው፣ ማዳም ለውሃ ወርዳ ኩሽና ውስጥ አገኘችኝ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እግርህን፣ እግርህን አስገባ» እላለሁ። ማዳም በትከሻዬ በኩል አየች። ስልኩ ላይ ያለው የወንድ እግር ነው።

«ሚኑ ሃዳ?» አለች። ማነው ይሄ?

«የልጄ ባል ነው፣ ማዳም።»

ማዳም ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የልጅሽን ባል እግር ለምን ታያለሽ?»

ነገርኳት። ስለ ትንኟ፣ ስለጠፋው እርግዝና፣ ስለ አምስቱ ቤት፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ፏፏቴዋም ጭምር። የአሁኑን እርግዝና ግን ዓይን ፈርቼ ዘለልኩት። ፏፏቴዋ ለምን አሸዋ እንደሞላች ሲገባት ብዙ ዓመት ያሳከካትን ቦታ ያገኘች መሰለች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «አምጪው እስቲ» አለች።

ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው። ማዳም መነጽሯን አድርጋ የምትሠራው ሥራ ስትፈልግ ነው የኖረችው። ከማግስቱ ጀምሮ ከኔ ቀድማ ኩሽና ተገኘች። «ያላ፣ ናሙሲያውን» ትላለች፤ አጎበሩን ማለቷ ነው። ከኔ የባሰች ሆነች። ቀዳዳ ካየች ስልኩን በሁለት ጣቶቿ ዘርግታ ታጎላዋለች፤ እኔ ያን አላውቅም ነበር። አንዴ «ለምን አይተኮስም?» ብላኛለች። አንዴ ደግሞ «ምንድን ነው ጧ የሚለው?» ብላኝ «ኔትወርክ ነው ማዳም» አልኳት። ከዚያ ለሁለቱ እህቶቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም ፈጅር ሰግደው በመኪና ከች ማለት ጀመሩ። ሦስት የኩዌት እመቤት ሻይ ይዘው፣ ተምር ይዘው የኔን መደብ ይቆጣጠራሉ። አስካለ በስንት ስብሰባ ያላገኘችውን ሰው እኔ በአንድ ስልክ አገኘሁ።

በዚያው ሰሞን ርጭት መጣ። ዘይነባ ቤቱ እንደተረጨ ስትነግረኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ሳምንት አልሞላውም፤ የማዳም ታላቅ እህት ስልኩን ጠጋ ብላ አየችና «ግድግዳው ለምን ያለቅሳል?» አለች።

አየሁት። ነጭ ነጩ መስመር ከጣሪያ እስከ መደብ ወርዷል። የኔ ቤት ነው። እኔ ለሠርጌ በእጄ የለቀለቅኩት ግድግዳ ነው። ሦስት ሴቶች፣ ሦስቱም እብነ በረድ ቤት የሚኖሩ፣ አንገታቸውን አዘንብለው ያዩታል። ፊቴ ጋለ። ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁና ከሰዓት ለብቻዬ ደወልኩ።

«ዘይኑዬ፣ ያንን ግድግዳ ምነው አንድ ነገር ብታደርጊው?»

«ግድግዳውን?»

«ሰው ፊት እኮ ነው የቆምነው።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ራሷ ስትፈቅድ ማን ይከለክላል? አሁን ለይላ እዚህ ጋ ስትደርስ «እንዴት ትረሺዋለሽ እማማ?» ትለኛለች። ልጄ፣ ሰው የሚያውቀውን የሚረሳው በኀፍረት ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ሕጉን ብቻ ሳይሆን በፓስፖርቴ ያለውን ዕድሜዬን ብትጠይቂኝም አልመልስም ነበር።

በአራተኛው ቀን ስንደውል ግድግዳው ሙሽራ ሆኗል። ከታች ቀይ አፈር፣ ከላይ ነጭ አፈር፣ መሐሉን በጣቷ እየጠነቆለች በአበባ አስጊጣዋለች። በአምስት ወር ሆዷ፣ መሰላል ላይ ወጥታ። ሦስቱም እመቤቶች ባንድ ድምፅ «ማሻአላህ!» አሉ። ታናሽየዋ ለሳሎኔ እንዲህ አድርጋ ትሥራልኝ አለች። እኔ ደስታ አስለቀሰኝ። ፎቶውን አስላክሁ፤ የስልኬ ፊት ላይም አደረግኩት።

ዓርብ ደረሰ። ጅሊብ ሄጄ ገና ሳልቀመጥ ስልኬን አወጣሁ። ልጆቹ ተሻሙት። ሰላማዊት የምትባል የመተማ ልጅ አለች፣ አፏ እንደ መቀስ ነው፤ ማንጋፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች።

«ኧረ ሲያምር!» አለች። «እማማ፣ ቤትሽ እንዲህ ከሆነ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኛ አገር እኮ አክስቴ እንደ አንቺ ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ርጭት ከተረጨ ወዲህ እንኳን አበባ፣ ጣታችንን ብናስነካ ትገድለን ነበር።»

«ትግደላችሁ!» አልኩ። «ልክ ናት አክስትሽ። ስድስት ወር አይነካም። የለቀለቀ ሰው መድኃኒቱን በእጁ ገንዞ...»

ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሴት ነበርን። ስምንታችንም ስልኩን አየን። ሰላማዊት ስልኩን ቀስ ብላ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ ዕቃ ሰብሮ እንደሚያስረክብ ሰው።

ወዲያው ደወልኩ፤ አይነሳም። ቅዳሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እሁድ ማለዳ ማዳምና እህቶቿ ሻያቸውን ይዘው ሲጠብቁ ስልኩ ራሱ ጠራ። የደወለው ሰይድ ነው። በሕይወቱ ደውሎልኝ የማያውቅ፣ ዓይኔን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ፊቱን ሙሉ ስልኩ ላይ አድርጎ አየኝ።

«እማትዬ፣ ዘይነባን ንዳድ ያዛት። አዝያት ጤና ኬላ መጥቻለሁ።»

ስልኩን ወደ ውስጥ አዞረው። ዘይነባ አግዳሚው ላይ ተኝታለች፤ ያው የሥዕሉ ግድግዳ ከበላይዋ ነው፣ እናትና ልጅ አጎበር ውስጥ። አስካለ ጣቷን ወግታ ደሟን በትንሿ መመርመሪያ ላይ ጠብ አደረገች። አንድ መስመር ከወጣ ነጻ ናት፤ ሁለት ከወጣ ወባ ነው። ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ሰይድ ስልኩን መመርመሪያው ላይ ደግኖ ቆመ። እኛ አራታችን አርዲያ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ለማዳም የመስመሩን ነገር የነገራት የለም፤ እኔ ዓይኔን ከስልኩ አልነቀልኩም።

አንደኛው መስመር ወጣ። እኔ ሁለተኛው እንዳይወጣ በልቤ ከቁርኣን ያሲንን እቀራለሁ። ቀስ እያለ፣ እንደ ጢስ፣ ሁለተኛው መጣ።

«መብሩክ!» ብላ ማዳም እልልታዋን አቀለጠችው።

እህቶቿ ተቀበሏት። አንደኛዋ አቀፈችኝ። ማዳም ሁለት መስመር የምታውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በሷ ቤት ሁሌም ደስታ ነው። ከስልኩ ውስጥ አስካለ ቀና ብላ «ማነው እልል የሚለው?» አለች።

«አሠሪዬ ናት» አልኩ።

«ወባ ስለተገኘ?»

«እሷ ልጅ የተገኘ መስሏት ነው።»

አስካለ ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ክኒኑን ቆጥራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ዘይነባን አቀናችና አስዋጠቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ስንት ዓመት የማውቃት ሴት ናት።

«እማማ፣ ትናንት ቤቱን አይቼዋለሁ። ከርጭት በኋላ ማነው ያስለቀለቀው?»

አፌን ከፈትኩ። አልዋሽም፤ ልዋሽ ነው የከፈትኩት። የማዳም እህት ናት ልላት ነበር፤ አስካለ እዚህ ድረስ መጥታ አትጠይቃት። ከአግዳሚው ላይ ዘይነባ በዚያ ትኩሳቷ «እኔ ነኝ፣ በራሴ» አለች።

«አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ዐረቦቹ እንዳያዩብኝ ብዬ።»

ሰይድ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ከእንግዲህ እኔ ቤቴ ነኝ እማትዬ» አለኝ። «እግሬንም ይዩት።»

መስመሩ ወባ እንደሆነ፣ ልጁ ደግሞ አስቀድሞ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ለማዳም ሳስረዳት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ኩሽናው ወለል ላይ፣ አጠገቤ፣ ቁጭ አለች። እዚያ ወለል ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። «ይተርፋል?» አለችኝ። ሆዷን ማለቷ ነው። አላውቅም አልኳት። ሦስት ቀን እኔና እሷ እንደዚያው ነበርን። ሩዙ አረረ፤ እንዳረረ ተበላ። በሁለተኛው ቀን በመስኮት ሳይ ማዳም ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብላ የአበባ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ትደፋለች። ከዚያ ወደ ወፎቹ ሳህን ሄዳ ትንሽ አሰበችና እሱንም ደፋችው።

በአራተኛው ማለዳ ሰይድ ደወለ። ኮት የለም፣ ጫማ የለም። «ትኩሳቱ ለቀቃት። አሁን እርግጫ ጀምሯታል» አለ። «ማነው የሚራገጣት?» አልኩ ደንግጬ። «ልጁ ነዋ፣ እማትዬ።» ማዳም እልል ልትል አፏን ከፈተችና ቆም ብላ እኔን አየችኝ። «አሁን ይቻላል» አልኳት።

ማሽላው ሲታጨድ ሐያት ተወለደች። አስካለ ግን አልማረችኝም። ጨቅላዋን ልታይ በመጣች ቀን ከሰል አንስታ የቤቴ መቃን ላይ እስከዚያ ቀን ለማንም ተሰጥቶ የማያውቅ ምልክት አደረገች፦ ሁለት ክብ፣ በላይ በላዩ። ጫጩት ያላት ጎረቤቴ አገር ጠርታ አሳየች ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለስንቱ ተናገርኩት። ኮንትራት ባሳደስኩ ቁጥር ለሚመጡት አዳዲስ ልጆች፣ ከአገር ለሚደውል ዘመድ ሁሉ፣ ግድግዳ እንዳታስለቀልቁ፣ እኔን ያየ ይቀጣ እያልኩ። አምና ሐያት ሰባት ዓመት ሲሆናት እረፍት ወጥቼ አገር ገባሁ። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው፣ እኔም እንደ ልማዴ ግድግዳውን በመዳፌ እየመታሁ «ይህ ነው! ይህ ሌባ ነው ልጄን ሊያሳጣኝ የነበረው!» ስል ዘይነባ ሳቋ አመለጣት።

«እማ፣ ግድግዳው ላይ አትፍረጂበት» አለች።

«እንዴት አልፈርድ? አጎበሩ እንደሆነ በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ቀዳዳ የለችበትም። ታዲያ ትንኟ የት አግኝታሽ ነው?»

«አጎበሩን አንቺ ስታዪ ስልኩን ማን ይዞት ነበር?»

ዘይነባ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው አድርጋ።

«ማለዳ ማለዳ ከአጎበሩ ወጥቼ፣ በስልኩ መብራት፣ አራቱን ማዕዘን ስዞርልሽ ነዋ። እዚህ አንጓዬ ላይ ነበር የምትወጋኝ። በግራ እጄ እመታት ነበር እኮ፤ አትሰሚም ነበር?»

እሰማ ነበር። ጧ ይል ነበር።